የአያ ይማም የራስ ውሃ

መዝጋት ማለት የተከፈተን ነገር፣ የተከፈተበት ጉዳይ ሲያልቅ፣ ወደ ነበረበት መመለስ ማለት ነው። እንዲህ ሲባል ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ለመዝጋት ጉዳዩ ማለቁን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ደግሞ መክፈቱን ማስታወስ አለበት። የሚከፍት ሰው ይመረቃል። የሚዘጋ ሰው ምን እንደሚባል በመስኖ የሚያርስ ሁሉ ያውቀዋል፤ እዚህ አይጻፍም።

በአንድ ወቅት በወሎ ቆላ፣ በጋውን በማይደርቅ ወንዝ ዳር፣ ሽንኩርትና በርበሬ የሚያለማ መንደር ነበር። ገበሬዎቹ ወንዙን በድንጋይና በሳር ጠልፈው ወደ ቦይ ያስገቡታል። ቦዩ ቁልቁል ይወርዳል፤ በየማሳው ላይ አፍ አለው። አፉን በተራ የሚከፍተውና የሚዘጋው፣ በውሃ የተጣሉትን የሚያስታርቀው ሰው የውሃ አባት ይባላል።

የውሃ አባት ደመወዝ የለውም። ያለው ክብርና አንድ መብት ነው። ክረምት አልፎ ጠለፋው እንደገና ሲሠራ መጀመሪያ ወደ ቦይ የሚገባው ውሃ ደለል የተሸከመ፣ ወፍራም፣ ቡናማ ውሃ ነው። የራስ ውሃ ይሉታል። እሱን የጠጣ ማሳ በዚያ ዓመት ማዳበሪያ አያምረውም። የውሃ አባት ሥራውን ሲለቅ፣ በሥራው ላይ ሳለ ውሃውን ለጠበቀለት ሰው የራስ ውሃን ዕድሜ ልኩን ይሰጠዋል። የሚሰጠው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ለሁለት ከተከፈለ ፍሰቱ ይደክምና ደለሉ ቦዩ ውስጥ ይቀራል፤ ሁለቱም የሚያገኙት ተራ ውሃ ነው። ይህን ሞክረው አይተውታል።

በዚያን ጊዜ የውሃ አባት ይማም እንድሪስ ነበር፤ ትልቁም ትንሹም አያ ይማም ይለዋል። የመንደሩን ተራ ሁሉ በቃሉ ይዞ፣ እግሩን ቦዩ ውስጥ ነክሮ፣ ማሳው መጥገቡን ከውሃው ድምፅ ይለይ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አንድ በጋ ሽንኩርት ከተተከለ ወዲህ፣ መርሳት ጀመረ።

አከፋፈቱ ላይ እንከን አልነበረበትም። ባለተራውን ያውቃል፤ ሄዶ ድንጋዩን ያነሳል፤ ውሃው ሲገባ ያያል። ከዚያ አንዱ ሰላም ይለዋል፣ እሱም ሰላምታውን ይመልሳል፣ ስለ አንድ የድሮ የድርቅ ዓመት ያወራል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የማሳው አፍ እንደተከፈተ ይቀራል። የአንዲት ባልቴት ሽንኩርት በዚህ ዓይነት ውሃ ላይ ተኝቶ በሰበሰ። ሲጠይቁት «ዘግቼዋለሁ፣ ወላሂ» አለ። ውሸታም ሆኖ አያውቅም። የሚያስታውሰው ያለፈውን ዓመት መዝጋት ነበር።

የመስኖ ማኅበሩ ሊያወርደው መምከር ጀመረ። አያ ይማም የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መከሩን አድርሶ በራሱ አፍ «በቃኝ» ብሎ መውረድ። ሚስቱ ዘሀራም ለሰብሳቢው እንዲህ አለችው፦ «ቦዩን ከቀማችሁት እኔንም ይረሳኛል። አሁን የሚያስታውሰኝ ምሳ ይዤለት ስሄድ ነው።»

እንግዲህ ሦስት ሰዎች ያደረጉትን ስሙ።

ሰዓዳ የአያ ይማም ሴት ልጅ ናት። አዲስ አበባ ባለ አንድ የምርምር ተቋም ያረጁ አይጦች ለምን የለመዱት መንገድ እንደሚጠፋቸው ታጠናለች። ቀስ ያለ ሥራ ነው፤ አይጥ እስኪያረጅ የሚያፋጥነው የለም። ለኢድ ወደ መንደሯ መጥታ የአባቷን ውሎ ለብዙ ቀን ተመለከተች። አባቷም መታየቱን አወቀ።

«ምን አገኘሽብኝ?»

«አባ፣ ጭንቅላትዎ ውስጥ ብዙ ማሳ አለ እንበል። እያንዳንዱ ማሳ አፍ አለው። አዲስ ነገር ሲሰሙ አፉ ይከፈትና ካልሲየም የሚባል ነገር ይገባል። እሱ ካልገባ ነገሩ አይያዝም።»

«እንደ ውሃ።»

«እንደ ውሃ። ከገባ በኋላ ደግሞ አፉ ቶሎ መዘጋት፣ የገባውም መውጣት አለበት። ሰው ሲያረጅ አፉ ዘግይቶ ይዘጋል። ማሳው ይጨቀያል። ጭቃው እስኪጠፈጥፍ ሌላ ነገር መቀበል ያቅተዋል።»

አያ ይማም ጣቱን ወደ ጭንቅላቱ ጠቆመ።

«እዚያስ የውሃ አባት የለም?»

«አለ።»

«ታዲያ ምን ነካው?»

«አርጅቷል።»

«ከኔ ይበልጣል?»

«እኩያዎ ነው፣ አባ።»

«እንግዲያው አትውቀሱት» አለ አያ ይማም።

ሰዓዳ ይህ ከብዙ ምክንያቶች አንዱ እንደሆነ፣ አጥኚዎቹም ገና እየተከራከሩበት እንደሆነ ጨምራ ተናግራ ነበር። ይህን ክፍል ማንም አልሰማም። ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሁሉ የመስኖ ሰዎች ናቸው፤ ማሳ ሲጨቀይ ምን እንደሚደረግ ያውቃሉ። ከጠለፋው ይዘጋል። ካልሲየም ከየት እንደሚመጣ የጤና ኤክስቴንሽኗን ጠየቁ፤ እሷም ለምን እንደሚጠይቁ ሳታውቅ «በተለይ ከወተት» አለቻቸው። ሰዓዳ ወደ ሥራዋ በተመለሰች ማግስት አያ ይማም ወተት ተከለከለ። ትንሽ ቆይቶ የመንደሩ ሽማግሌዎች ሁሉ ለጥንቃቄ ያህል ወተት አቆሙ። የዚያ ዓመት ጥጆች ውፍረት እስከ ዛሬ ይነሳል።

ሰዓዳ ወሬውን በስልክ ሰማች።

«ኑሩ፣ ወተቱን ስጡት!»

«ከጠለፋው ዘግተነዋል እኮ» አለ ወንድሟ ኮራ ብሎ።

«ምኑን ነው የዘጋችሁት! ደሙ የሚያስፈልገውን ካልሲየም ከወተት ካጣው ከአጥንቱ እየወሰደ ያሟላል። የዘር እህል አውጥቶ እንደመብላት ነው። የጭንቅላቱ ችግር የሚገባው መብዛቱ አይደለም፤ የሚዘጋው መዘግየቱ ነው። ለሽማግሌዎቹም ንገራቸው!»

«ሽማግሌዎቹስ እሺ» አለ ኑሩ፤ «ጥጆቹን ምን እንበላቸው?»

ስልኩን ዘግታ በሚቀጥለው አውቶቡስ መጣች። አባቷን ደሴ ወስዳ አስመረመረች። ጆሮው በኩክ በግማሽ ተደፍኖ ተገኘ። ለእከክ ብሎ ከሱቅ እየገዛ የሚውጠው ክኒንም ቀኑን ሙሉ የሚያደነዝዝ ሆኖ ተገኘ። ጆሮውን አስጠረገች፣ ክኒኑን ጣለች። ከዚያ ለመንደሩ ሰው ሕግ አወጣች፦ አያ ይማም አንድ አፍ ከፍቶ እስኪዘጋ ከቦታው አይነሳ፤ በመሐል ማንም አዲስ ወሬ አያምጣበት፤ እጁ ድንጋይ ላይ ሳለ ማንም ሰላም አይበለው። በዚያ መንደር ሰላምታ መንፈግ ወተት ከመንፈግ ይብሳል፤ ቢሆንም ሞከሩት። የአያ ይማም ጭንቅላት ጠራ አለ። ከሁለት አፍ አንዱን ራሱ ይዘጋ ጀመር።

መድኃኒት ሲጠይቃት ግን አልዋሸችውም።

«ለዚህ ለሰው የሚሰጥ የለም፣ አባ። አይጦቹ ላይ እየሞከርን ነው።»

«ተሻላቸው?»

«አንዳንዶቹን።»

«ሰላም በይልኝ።»

«አባ፣ ከዚህ ትንሽ ይሻልዎት ይሆናል እንጂ እንደ ድሮው አይሆኑም። መከሩን ያደርሳሉ። ከዚያ ይውረዱ።»

ይህን ፊቱን እያየች ነው የነገረችው። እሷ ደሴና መንደር ስትመላለስ አይጦቿ የሚፈተኑበት ጊዜ አለፈ። አዲስ አበባ ስትመለስ ጥናቱን ከወጣት አይጦች እንደገና ጀመረች፤ እስኪያረጁም ትጠብቃለች።

ኑሩ ወንድ ልጁ ነው፤ ከአባቱ ማሳ አጠገብ ያርሳል። ብዙ አይናገርም። የባልቴቷ ሽንኩርት የበሰበሰ ዕለት አመሻሽ ላይ ከቤቱ ወጥቶ፣ አባቱ በዋለበት መንገድ ከጠለፋው እስከ ቦዩ ጭራ ሄደ። የተከፈተ አፍ ሲያገኝ ድንጋዩን መልሶ፣ በጭቃ መርጎ፣ ዱካውን አጥፍቶ ተመለሰ። በማግስቱ አያ ይማም የተዘጋውን አፍ አይቶ ለመንገደኛው ሁሉ «አያችሁ? ዘግቼዋለሁ ብዬ አልማልኩም?» አለ። ኑሩ ከዚያ ወዲህ አንድም አመሻሽ አልቀረም። የእህቱ ሕግ ከመጣ በኋላ የሚዘጋው ቀነሰለት፤ መንገዱ ግን ያው መንገድ ነው።

የራሱን ማሳ ሳር ዋጠው። ሚስቱ ጦይባ ሳሩን እየነቀለች ትነጫነጭ ነበር።

«የሰው ማሳ ስትጠብቅ የኛ ሽንኩርት የት እንዳለ ጠፋኝ። በእጄ እየዳሰስኩ ነው የምፈልገው።»

«ምን ላድርግ? ልንገረው?»

ጦይባ ነቀላዋን አቆመች። አሰበች።

«አትንገረው» አለችና ቀጠለች።

አያ ይማም ግን የልጁን ማሳ ባየ ቁጥር ያዝናል። አንድ ቀን እዚያው ቦዩ ላይ አስቁሞ ወረደበት።

«ኑሩ፣ ይኼ ሽንኩርት ነው ወይስ የጅብ መደበቂያ? እኔ በዚህ ዕድሜዬ ቦዩን ከላይ እስከ ታች ሳካልል አንተ የት ነው የምትዞረው?»

«እዚሁ ነኝ፣ አባ።»

«እዚሁ! ሰነፍ ልጅ ወልጄ ቀረሁ።»

ኑሩ «ይቅር ይበሉኝ» ብሎ አለፈ። ጎረቤቶቹ ሰምተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ለፍርድ የሚቀመጥ ሰው ግን አንድ ነገር ይያዝ። አያ ይማም ሁሉንም አፍ ራሱ የዘጋ ስለሚመስለው፣ «ከቦታው አይነሳ» የሚለውን የሰዓዳን ሕግ እያደር ይንቀው ጀመር። «ሳልቀመጥም እዘጋለሁ፤ ጠዋት ያየ ሰው ጠይቂ» ይላታል በስልክ። ሰዓዳ የሕጓ መላላት ለምን እንደሆነ አልገባትም ነበር።

ጥጋቡ ወልደሰንበት ዘመድ አይደለም። የሚያርሰው የቦዩ ጭራ ላይ ነው፤ ውሃ ከሁሉ በኋላ ይደርሰዋል፤ አንዳንዴም አይደርሰውም። ስለዚህ ከውሃ አባት ጋር መጣላት ለእሱ እንደ አረምና እንደ ኩትኳቶ ከእርሻ ሥራዎች አንዱ ነው። ከአያ ይማም ጋር ሁለቱም ጎረምሳ ሳሉ የጀመሩት ጠብ ነበራቸው፤ መነሻውን ሁለቱም በየፊናቸው ያወሩታል፤ አይገጥምም።

አያ ይማም መርሳቱ ሲሰማ የመንደሩ ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አይዞህ»፣ «ምንም አይደል»፣ «አረፍ በል» ይለዋል። እያደር ተራውም ይምታታበት ስለጀመረ፣ ሰዎች ከአፉ እየቀሙ ይመልሱለት ጀመር። ጥጋቡ ብቻ እንደ ድሮው ጠዋት ጠዋት ከጭራው ድረስ ሽቅብ ይመጣል።

«ይማም! ዛሬ ተራው የማን ነው?»

«ያንተ አይደለም።»

«እሱንማ መቼ ትረሳለህ! የማን ነው አልኩህ?»

«የ... የሰይድ።»

«ሰይድ ትናንት አጠጣ። ሌላ ጥራ።»

«አትጩህብኝ! የሰይድ ካልሆነ ከሰይድ በታች ያለችው... የማሚቴ! የማሚቴ ነው! አንተ የጭራ ሰው፣ ምን አገባህ?»

«የማሚቴ ነው። ሂድ ክፈት።»

ካልመጣለትም ጥጋቡ አይነግረውም። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ እስኪያገኘው ድረስ ስለ ዘር ማንዘሩ እየነገረው ይጠብቀዋል። የአያ ይማም ወገኖች ተቆጡ። «የታመመ ሰው ላይ ይጮሃል?» አሉት።

«ለታመመ ሰው ቀስ ይባላል» አለ ጥጋቡ። «እኔ የማውቀው ይማምን ነው።»

አንድ ሰሞን ኑሩ በወባ ተኛ። አመሻሽ ላይ የሚዞር ጠፋ። ውሃው ሁለት ማሳ ሰብሮ መንገድ ላይ ፈሰሰ፤ የብዙ ሰው ተራ ባከነ። ማኅበሩ በዚያው ቀን ተሰብስቦ አያ ይማም ይውረድ አለ። አያ ይማም አቀርቅሮ ነበር። የሚከራከርለት ያጣ ሲመስል ጥጋቡ ተነሳ። ሰው ሁሉ ሊጨርሰው ነው ብሎ ጠበቀ።

«ይረሳል» አለ ጥጋቡ፤ «ከሁላችሁ በፊት ያወቅኩት እኔ ነኝ። ግን አዲስ የውሃ አባት ብትሾሙ ከማን ጋር ነው የምጣላው? ይማምን ለማወቅ ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ፤ ሌላ ዕድሜ አልተሰጠኝም። መከር እስኪደርስ ይቆይ። የባከነው ውሃ ከኔ ተራ ይቀነስ።»

ይህን የመሰለ ንግግር በማኅበሩ ተሰምቶ ስለማያውቅ የሚቃወም ጠፋ። ውሃው ከጥጋቡ ተራ ተቀነሰ። በርበሬው ቀንበጡ ላይ ጠወለገ። ጥጋቡ በርበሬውን እያየ አያ ይማምን በየቀኑ ረገመው፤ በየቀኑም ተራ ጠየቀው።

መከር ደረሰ። አያ ይማም በማኅበሩ መጋዘን ፊት ቆሞ፣ በራሱ አፍ፣ «በቃኝ፤ ያጠፋሁትን ማሩኝ» አለ። ሰው መረቀው። ዘሀራ አለቀሰች። ከዚያ ሰብሳቢው ደንቡን አንስቶ፣ ውሃህን የጠበቀልህ ማን ነው ብሎ ጠየቀው። አያ ይማም መልስ ሳይሰጥ ጦይባ ከሴቶቹ መሐል ተነሳች። ባሏ በዓይኑ ለመናት፤ አላየችውም።

«ማሳ የተሰበረበት ሰሞን ለምን እንደተሰበረ ማንም አልጠየቀም። ኑሩ ስለታመመ ነው። የተረሳውን ሁሉ በጋውን ሙሉ የዘጋው እሱ ነበር።»

ከአዲስ አበባ ለመከሩ የመጣችው ሰዓዳ ወንድሟን አየችው፤ ሕጓን ማን እንዳላላባት ያን ጊዜ ገባት። አያ ይማም ወደ ልጁ ዞረ።

«ምን ያህል?»

«አልፎ አልፎ» አለ ኑሩ። ይህም ውሸት ነበር።

«ድንጋዩን ትመርገው ነበር?»

«በጭቃና በሳር።»

«ይህን ማን አስተማረህ?»

«አንቱ ነዎታ፣ አባ።»

«ጥሩ አስተምሬሃለሁ» አለ አያ ይማም፤ ተቀመጠ።

ሦስቱም የራስ ውሃውን ፈለጉ፤ መፈለጋቸውንም አልደበቁም። ሰዓዳ ከአባቷ የደረሳት ማሳ አለ፤ እናቷ ታሳርሰዋለች፤ ሁለቱ ወላጆቿ የሚጦሩት በእሱ ነው። «ጭንቅላቱን ያጠራሁለት እኔ ነኝ» አለች። «እናንተ የጠበቃችሁት እኔ ካተረፍኩለት ላይ ነው። ደግሞ አልዋሸሁትም።» የኑሩ ማሳ በሳር ጠፍቷል። «ሽንኩርታችሁን በልታችኋል» አለ፤ «የኔን ጠይቁ።» ሌላ አልጨመረም። ጥጋቡም፣ ማሳው ከተቆፈረ ጀምሮ ደለል አይቶ የማያውቀው ጥጋቡ፣ «እነሱ ልጆቹ ናቸው» አለ። «ልጅ አባቱን ቢያግዝ ምን ይደንቃል? እኔ ጠላቱ ነኝ።»

አያ ይማም ሦስቱንም በተራ አየና «ለሰዓዳ» አለ። «ሁሉም ሲሸፋፍንልኝ እሷ ምን እንደሆንኩ ነገረችኝ። በማላውቀው ሰውነት ከምኖር አዳነችኝ።» ሰው ትክክል ነው አለ፤ ዱዓ ተደርጎ ተበተነ።

በማግስቱ አያ ይማም ሰብሳቢው ቤት ሄደ። «የራስ ውሃው የኑሩ ነው» አለ። «ሰነፍ ስለው በጋውን ሙሉ ሰነፍ ተባለልኝ። ይህን የሚችል ሰው ታውቃለህ?» ሰብሳቢው ቢያስብ እንዲህ ያለ ሰው አጣ።

በሦስተኛው ቀን እንደገና መጣ። «ለጥጋቡ ነው» አለ። «ሰው ሁሉ ሲምረኝ እሱ አልማረኝም። በስሜ የጠራኝ እሱ ብቻ ነው።»

«አያ ይማም፣ ትናንት ለኑሩ አላልክም?»

«ብዬ ይሆናል።»

«ትናንት ያልከውን ረስተህ ነው ወይስ ሐሳብህን ለውጠህ?»

«እኔም እሱን እያሰብኩ ነበር የመጣሁት» አለ አያ ይማም።

ማኅበሩ ደንቡን መረመረ። የውሃ አባት ሐሳቡን የመለወጥ መብት አለው፤ እንዲያ ከሆነ የሚጸናው የመጨረሻው ቃል ነው፤ ውሃው የጥጋቡ ይሆናል። ረስቶ ከሆነ ግን የሚጸናው በጉባኤ ፊት፣ ዱዓ የተደረገበት የመጀመሪያው ቃል ነው፤ ውሃው የሰዓዳ ይሆናል። መርሳትን ሐሳብ ከመለወጥ ለይቶ የሚያውቅ ሰው በአገሩ ቢፈለግ ሰዓዳ ራሷ ሆና ተገኘች። ጠየቋት።

«ባለጉዳይ ነኝ፤ አልመሰክርም» አለች። ቀጥላም፣ «ባልሆንም አላውቅም ነበር» አለች።

አንዳንዶች እንግዲያው ውሃው መካከል ላይ ለተጠራው ለኑሩ ይሁን አሉ፤ ኑሩን የሚጠላ የለምና። ሌሎች ደግሞ ሦስቱም ቀን የተሰጠው ምክንያት እውነት እንደነበረ፣ ሰውዬውም ምናልባት ያን ያህል በትክክል አስቦ እንደማያውቅ ተናገሩ። ክርክሩ ክረምቱን አለፈ። ሽማግሌዎቹ ወደ ወተታቸው ቢመለሱም ወደ ስምምነት አልመጡም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? አንዷ እውነቱን ነገረችው፣ አንዱ እውነቱን ደበቀለት፣ አንዱ እንደ ጤነኛ ሰው ተጣላው። አንዷ አይጦቿን፣ አንዱ ሽንኩርቱን፣ አንዱ በርበሬውን ከፈለ። የራስ ውሃው የሚገባው ለማን ነው?

በዚያ ዓመት መስከረም መጨረሻ ላይ ወንዙ ሞልቶ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ የሁሉንም ማሳ ደለል አለበሰው። ማኅበሩ ጉዳዩን ለከርሞ አስተላልፏል።